«እንደ ልጄ ነው የማሳድጋት»

ይህችን አነጋገር በቦሌ፣ በገርጂና በሲኤምሲ ሰፈሮች ያልሰማ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ከገጠር የመጣች የ12 ወይም የ13 ዓመት ልጅ በቤታችን ስትሠራ ያየ እንግዳ «ማን ናት?» ብሎ ሲጠይቅ የምንሰጠው መልስ ነው። እውነት መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ግን ማለዳ በራችን ላይ መቆም ይበቃል። የተማሪዎች ሰርቪስ ክላክስ ሲያደርግ ልጃችን ዩኒፎርሟን ለብሳ ትወጣለች፤ ቦርሳዋን እስከ በር የተሸከመችላት እኩያዋ ግን ወደ ማድ ቤት ትመለሳለች።

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ የተባረሩ ወገኖቻችን በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርዱ አልቅሰናል። ቁጥራቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። በሰው ቤት ሠርተው ደመወዝ የተከለከሉ፣ የተደበደቡ እህቶቻችንን ሰምተን «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» ብለናል። ማለታችንም ተገቢ ነበር። ነገር ግን በባሕር ማዶ ሲፈጸም በደል ያልነው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቅ ማድ ቤት ሲፈጸም «ማሳደግ» ሊባል አይችልም።

ሕጉም ከትችት አያመልጥም። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ትምህርቱንና ጤናውን የሚጎዳ ሥራ ሕፃን እንዳይሠራ ይከለክላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅም ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ከልክሏል፤ የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ግን ለብቻው ለሚወጣ ደንብ ትቶታል። ስለዚህ ተቆጣጣሪ የፋብሪካን በር ቢያንኳኳ እንኳ የእኛን አያንኳኳም። የሚቆጣጠረን አላህን መፍራታችን ብቻ ነው።

አንዳንዶች «አነስ ኢብኑ ማሊክም (ረ.ዐ.) በልጅነቱ የአላህን መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) አገልግሏል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ቀሪውንም ይናገሩ እንጂ! አነስ በ10 ዓመት አገልግሎቱ አንድም የቁጣ ቃል እንዳልሰማ መስክሯል። ከዚያ ቤት የወጣውም ብዙ ሐዲሥ ያስተላለፈ ዓሊም ሆኖ ነው። ከእኛ ቤት የምትወጣይቱስ ምን ይዛ ትወጣለች?

የሕፃናት መብት በዓለም ሁሉ ይከበር ስንል፣ የእኛም ማድ ቤት የዚሁ ዓለም ክፍል መሆኑን አንርሳ። «እንደ ልጄ» ያልናትን ልጅ መስከረም ሲጠባ ከልጃችን ጋር ትምህርት ቤት እናስመዝግባት። ይህን የማንችል ከሆነ ደመወዟን ሳናጓድል ወደ ወላጆቿ እንመልሳት። አላህ የምንናገረውን የምንፈጽም ያድርገን።