ወደ አክሱም የሚደረገው የተማሪዎች ጉዞና ዕቅዱ

የታሪክ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ አክሱም ይዘው ለመሄድ የሚያዘጋጇቸው ዕቅዶች፣ ለማስተማር ልምምድ በሚወጡ ሠልጣኞቻችን በኩል አልፎ አልፎ እጃችን ይገባሉ። ከእነዚህ አንዱን፣ የት/ቤቱንም ሆነ የአዘጋጁን ስም ሳንጠራ፣ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው አስበናል። የመረጥነው ከሌሎቹ የከፋ ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም በንጽሕና የተጻፈና ብዙ የተደከመበት ነው። ነገር ግን ጥንካሬውም ድክመቱም በአብዛኞቹ ዕቅዶች ላይ የሚታይ በመሆኑ ለባልደረቦቻችን መወያያ ይሆናል ብለን እናምናለን።

ዕቅዱ አምስት ገጽ ነው። ሦስቱ ገጾች ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ማደሪያ፣ ስለ ስንቅ፣ ስለ መዋጮና ስለ ሥነ ሥርዓት ይናገራሉ። ይህን አንነቅፍም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ መምህር የሃምሳ ልጆች ሕይወት በእጁ ነውና፣ ስለ ነጂው ዕረፍት፣ ስለ መጀመሪያ እርዳታ ሣጥንና ስለ ወላጆች ፈቃድ አስቀድሞ ማሰቡ ያስመሰግነዋል። አራተኛው ገጽ የሚጎበኙ ቦታዎች ዝርዝር ነው፤ በአንድ ቀን አሥራ አንድ ቦታ። አምስተኛው ገጽ ደግሞ ከጉዞ መልስ ለርዕሰ መምህሩ የሚቀርበው ሪፖርት ረቂቅ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ ሰፊ ዕውቀት ቀስመው በሰላም መመለሳቸውን ከወዲሁ ያበሥራል። ጉዞው ገና አልተጀመረም፤ ዕውቀቱ ግን ተቀስሟል! ታሪክ የሚለው ቃል በዓላማው ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሷል፤ ይኸውም ተማሪዎች የአገራቸውን ታሪክ በዓይናቸው አይተው እንዲረዱ የሚል ነው። ምን አይተው ምን እንደሚረዱ የሚገልጽ አንድ መስመር እንኳ አላገኘንም። ተማሪው ይዞት የሚሄድ ጥያቄ የለም። የዕቅዱ ዋና ጉድለት ይህ ነው እንላለን።

ሐውልቶቹን እንውሰድ። የተመደበላቸው ሠላሳ ደቂቃ ነው። በሠላሳ ደቂቃ ሃምሳ ልጅ ፎቶግራፍ ይነሣል እንጂ አይማርም። የወደቀው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ርዝመትና ወደ 520 ቶን የሚገመት ክብደት እንዳለው አስጎብኚው ይናገራል፤ ተማሪው በደብተሩ ይጽፋል፤ ያልፋል። ለመሆኑ 33 ሜትር ለአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ምን ማለት ነው? ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት 33 ሜትር ገመድ በት/ቤቱ ሜዳ ላይ ቢዘረጋ፣ ከጎኑም 24 ሜትር የሆነ ሌላ ገመድ ቢቀመጥ፣ ልጆቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራቸው ለክተው ልዩነቱን ያውቁታል። ሁለተኛው ገመድ በ1929 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ ወደ ሮም የወሰደው፣ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን የተመለሰውና በ2000 ዓ.ም. በስፍራው እንደገና የቆመው ሐውልት ቁመት ነው። ይህን ያህሉን ድንጋይ በዘመናችን መሣሪያ ለመመለስና ለማቆም ምን ያህል እንደተለፋ የተረዳ ልጅ፣ ከእጥፍ በላይ የሚከብደውን የጥንቱ ሰው እንዴት እንዳንቀሳቀሰው ሳይጠይቅ አያልፍም።

መልሱ የሚፈለግበት ቦታ ግን በአሥራ አንዱ ዝርዝር ውስጥ የለም። ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጎቦ ዱራ የሚባል ተራራ አለ። ድንጋዩ የተፈለጠው ከዚያ ነው። ጠራቢዎቹ ሽብልቅ ለማስገባት በተርታ የቦረቦሯቸው ጉድጓዶች ዛሬም በዐለቱ ላይ ይታያሉ፤ ጀምረው የተዉት ድንጋይም አለ። በእኛ አስተያየት ከአክሱም ቦታዎች ሁሉ ለተማሪ ከዚህ የተሻለ የመማሪያ ክፍል የለም። እዚህ ሲደርስ ጥያቄው ራሱ ይመጣል። ማን ፈለጠው? አራት ኪሎ ሜትር በምን ተጎተተ? የሚጎትቱትን ሰዎች ስንት ቀን ማን አበላቸው? እህሉስ ከማን ጎተራ መጣ? የነገሥታትን ስም በተርታ ከማስጠናት ይልቅ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ማንሣት፣ መንግሥት፣ ግብርና የሥራ ክፍፍል የሚባሉትን ነገሮች ለተማሪው ቁልጭ አድርጎ ያሳየዋል። ከዚያ ወደ ወደቀው ሐውልት ሲመለስ ከመሬት በታች የሚገባው እግሩ ለቁመቱ ምን ያህል አጭር እንደሆነ ይመልከት። ሲያቆሙት ወይም ከቆመ ብዙ ሳይቆይ ሳይወድቅ አልቀረም የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ተማሪዎቹ በዚህ ላይ ይከራከሩበት።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዕቅዱ ውስጥ ዱንጉር የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ተብሎ ያለ ምንም ማብራሪያ ተመዝግቧል። ሕዝቡ እንዲህ እንደሚለው እናውቃለን። ሆኖም ፈረንሳዊው የአርኬኦሎጂ ሊቅ ፍራንሲስ አንፍሬ በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ የቆፈረው ይህ ሕንጻ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው ምዕተ ዓመት ገደማ የተሠራ የመኳንንት መኖሪያ እንደሆነ ይገመታል። ንግሥቲቱ ጎበኘችው የሚባለው ሰሎሞን የነገሠው ከልደት በፊት በ10ኛው ምዕተ ዓመት ነው። በመካከሉ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያህል አለ። መምህሩ እዚያ ቆሞ ምን ይላል? ትውፊቱን እንደ ቁፋሮ ውጤት አድርጎ ቢናገር ተማሪውን ያሳስተዋል። በትውፊቱ ቢሳለቅም ያው ነው፤ ልጁ ቤቱ ገብቶ አያቱን እንዲንቅ ያስተምረዋል። ማድረግ የሚገባው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መጠየቅ ነው፤ ይህን የሚነግረን ማን ነው? ያወቀው ከምንድን ነው? የንግሥቲቱን ታሪክ የሚተርከው ክብረ ነገሥት ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው በ14ኛው ምዕተ ዓመት ነው። አንድ ሕዝብ የከተማውን ፍርስራሽ ከዚህች ንግሥት ስም ጋር ለምን አያያዘ የሚለው ጥያቄም ራሱን የቻለ የታሪክ ጥያቄ ነው።

ስለ ኢዛና ድንጋይ ብዙ አንልም። በግሪክኛ፣ በግእዝና በሳባ ፊደል መጻፉን መጽሐፉ ይናገራል፤ ለምን በሦስት ዓይነት ተጻፈ፣ ለየትኛው አንባቢ የሚለውን ጥያቄ መምህሩ ይጨምርበት። የጨረቃ ምልክት ያለበትንና መስቀል ያለበትን የኢዛናን ሳንቲሞች ሥዕል ከክፍል አዘጋጅቶ ቢሄድ የእምነቱ ለውጥ በቀላሉ ይገባል።

የጉዞው ቀን ኅዳር 21፣ የጽዮን በዓል ዕለት ሆኖ ተወስኗል። አዘጋጁ በዓሉን ማሳየት መልካም መስሎት ይሆናል። በዚያ ቀን ግን ምእመናን ከየአገሩ ስለሚጎርፉ ማደሪያ አይገኝም፤ የመምህሩ ድምፅም አይሰማም። ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። በጦርነቱ ጊዜ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም.፣ በዓሉ ሊከበር አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው በከተማይቱ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በዓሉ ለብዙ ቤት የሙት ዓመትም ነው። እየዘፈነና እያጨበጨበ የሚገባ አውቶቡስ በዚያ ሰሞን ምን ተደርጎ እንደሚታይ አዘጋጁ ሊያስብበት ይገባ ነበር። ተማሪዎቹም አክሱምን የድንጋይ ከተማ ብቻ አድርገው እንዳያዩዋት፣ ይህ ከመነሣታቸው በፊት በክፍል ውስጥ ሊነገራቸው ይገባል። የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም ከሚመለከታቸው ክፍሎች አረጋግጦ መነሣት እንደሚያስፈልግ መናገር እንኳ አያሻም።

ለሴት ተማሪዎችም አንድ ቃል አልተጻፈም። ወደ አሮጌው የጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሴቶች አይገቡም፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው አዲሱ ለሁሉም ክፍት ነው። ይህን በሩ ላይ ደርሳ የምትሰማ ልጅ ታፍራለች፤ ትቆጣለችም። ከት/ቤት ሳትወጣ ብትሰማው ግን ልማዱን አውቃ ትሄዳለች፤ ምክንያቱንም ትጠይቃለች።

የመዋጮውን ገንዘብ መክፈል ያልቻሉ ተማሪዎች በዕቅዱ ውስጥ የሉም። መምህራቸው ስለሚጓዝ የታሪክ ክፍለ ጊዜያቸው ባዶ ይሆናል። የሜዳው ገመድ፣ የሳንቲሞቹ ሥዕልና በዱንጉር ላይ የሚደረገው ክርክር ግን ገንዘብ አይጠይቁም። የቀሩት ልጆች ጥያቄዎቹን ጽፈው ለሚሄዱት ቢሰጧቸውና ከጉዞ መልስ ተቀምጠው ቢጠይቋቸው፣ ሪፖርቱን አስቀድሞ የሚያረቅ አይኖርም ነበር።

የቦታዎቹ ቁጥር ከአሥራ አንድ ወደ አራት ቢወርድ፣ በመጀመሪያው ቀን ሐውልቶቹንና የኢዛናን ድንጋይ፣ በማግስቱ ደግሞ ሁለቱም በስተ ምዕራብ የሚገኙትን ዱንጉርንና ጎቦ ዱራን ማዳረስ ይቻላል። የሚጨምረው ወጪ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ነው። በዕቅዱ ሦስተኛ ገጽ ላይ የት/ቤቱ ስም ለሚታተምበት ካናቴራ የተያዘው ገንዘብ ይህን ይሸፍናል።