የደወሉ አብነት፦ በሙድል የማሳወቂያ ሠንጠረዥ ላይ የቀረበ ሂስ

ሙድል የተባለው የማስተማሪያ ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ2002 በአውስትራሊያ ለአገልግሎት ከበቃ ወዲህ ስለ ኮርስ አደረጃጀቱና ስለ ፈተና አሰጣጡ ብዙ ተጽፏል። ወደ መምህሩና ወደ ዕጩ መምህሩ የእጅ ስልክ የትኛው መልእክት እንደሚደርስ የሚወስነው ሠንጠረዥ ግን የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ከሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ ዓይን ርቆ ቆይቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ሠንጠረዥ መመርመር ነው።

ሠንጠረዡ ለመላው ተቋም የሚያገለግል አብነት ነው። የሥርዓቱ አስተዳዳሪ እያንዳንዱ የማሳወቂያ ዓይነት በድረ ገጽ፣ በኢሜይል ወይም በእጅ ስልክ እንዲደርስ ይከፍታል፤ አለዚያም ይዘጋል። ተጠቃሚው ካልለወጠው ይኸው ይጸናል። አስተዳዳሪው የቆለፈውን ግን ተጠቃሚው ሊለውጠው አይችልም።

የአብነቱ ጠቀሜታ አያከራክርም፤ ተጠቃሚ ሁሉ ከባዶ ይጀምር ማለት አይቻልምና። ይሁንና ሁለት ጉድለቶች ይታዩበታል። አንደኛ፣ መልእክትን የሚመድበው በዓይነቱ እንጂ በክብደቱ አይደለም። በውይይት መድረክ የወጣ የፈተና ቀን ለውጥና በዚያው መድረክ የተጻፈ የምስጋና ቃል አንድ ዓይነት ደወል ያሰማሉ። ሁለተኛ፣ ቁልፉ ከሠንጠረዡ አልፎ አይሄድም። የስልኩ ባለቤት የመተግበሪያውን ማሳወቂያ በሙሉ መዝጋት ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አንድሮይድ 13 ደግሞ አዲስ የተጫነ መተግበሪያ አስቀድሞ ፈቃድ ሳያገኝ ማሳወቂያ እንዳያሳይ አድርጓል። እንግዲህ ሁሉን ከፍቶ የሚቆልፍ አስተዳዳሪ የሚያተርፈው በደወል ብዛት ተሰላችቶ ስልኩን ጸጥ ያሰኘ ተጠቃሚ ነው። ለተግባር ልምምድ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት የወጣና ከኮሌጁ ጋር በስልክ ብቻ የሚገናኝ ዕጩ መምህር ይህን ቢያደርግ፣ የፈተናው ቀን ለውጥም ከምስጋናው ጋር አብሮ ያመልጠዋል።

ስለዚህ በእጅ ስልክ ዓምድ የሚቆለፉት ቢዘገዩ ጉዳት የሚያስከትሉት ጥቂቶቹ ብቻ ሊሆኑ ይገባል። የውይይት መድረክ መልእክቶች ሶፍትዌሩ ራሱ ባዘጋጀው የዕለት ጥቅል በኢሜይል ቢላኩ ይበቃል፤ የፈተና ማስታወቂያም ከውይይቱ ተለይቶ በሌላ መንገድ ይውጣ። ከሁሉም በላይ አብነቱን የኮምፒዩተር ክፍሉ ብቻውን ሊወስነው አይገባም። የትኛው መልእክት መምህሩን ከክፍል ሥራው፣ ተማሪውንም ከንባቡ ሊያናጥብ እንደሚገባው መወሰን የትምህርት ጥያቄ ነውና።