ሁለተኛው ጉብኝት

ሌላ ከተማ እንዲጎበኝ የተላከ ልዑክ አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመለሰው ፎቶግራፍ ነው። የታደሰው ፎቅ፣ የተነጠፈው መንገድ፣ ዛፍ የተተከለበት አደባባይ በፎቶግራፉ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ቀድሞ በዚያ ሰፈር የነበረው ነዋሪ ዛሬም እዚያው ስለ መኖሩ ግን ፎቶግራፉ የሚናገረው ነገር የለም። ጄን ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳተመችው «የታላላቆቹ የአሜሪካ ከተሞች ሞትና ሕይወት» አሁንም ሊነበብና ሊመረመር የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። የመጽሐፉ ብርታትም ሆነ ጉድለት የሚገኘው ሰፈርን ከሰፈር በሚያነጻጽርበት ስልት ላይ እንጂ፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት ለአሮጌ ቤቶች ባለው ፍቅር ላይ አይደለም።

ደራሲዋ በአርክቴክቸርም ሆነ በከተማ ፕላን ትምህርት የሠለጠነች አልነበረችም። እ.ኤ.አ. በ1952 በአንድ የአርክቴክቸር መጽሔት ሥራ ከያዘች በኋላ ስለ አዳዲስ ግንባታዎች ለመጻፍ ወደ ፊላደልፊያ ሄደች። የከተማይቱ የፕላን ኃላፊ ኤድመንድ ቤከን ሁለት መንገዶች አሳያት። አንደኛው ገና ያልታደሰ፣ ሰው በየደጃፉ ተቀምጦ የሚጨዋወትበት ነበር፤ ሁለተኛው ፈርሶ እንደ አዲስ የተሠራ፣ ንጹሕና ጸጥ ያለ። በሁለተኛው መንገድ ላይ ያየችው ብቸኛ ፍጡር የመኪና ጎማ በእግሩ የሚመታ አንድ ትንሽ ልጅ እንደ ነበረ በኋላ ዘመን ተናግራለች። ሕዝቡ ወዴት ሄደ ብላ ብትጠይቅ አጥጋቢ መልስ አላገኘችም። በኒው ዮርክ ምሥራቅ ሃርለምም ነዋሪውን በአዳዲስ ሕንፃዎች ለማስፈር ሲባል ከ1,000 በላይ ሱቆች መጥፋታቸውን በ1956 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተሰብስበው ለነበሩት ባለሙያዎች አስረድታለች።

የመጽሐፉ እጅግ ጠቃሚ ገጾች ግን ቦስተንን የሚመለከቱት ናቸው። ኖርዝ ኤንድ የተባለው የኢጣሊያን ሠራተኞች ሰፈር በባለሙያዎች ዘንድ የከተማይቱ የመጨረሻ ጎስቋላ ሰፈር ተብሎ የተፈረጀ ነበር። ጄኮብስ ከሃያ ዓመታት ገደማ በፊት አይታው ነበረና በ1959 ስትመለስ ሁኔታው ተለውጦ አገኘችው። ቤቶቹ ተጠግነው፣ መስኮቶቹ ቀለም ተቀብተው፣ ከመኖሪያዎቹ መካከል የብረታ ብረትና የምግብ ማዘጋጃ ሥራ ቤቶች ገብተው፣ መንገዱ በሕፃናትና በገበያተኛ ተሞልቶ ነበር። ባንኮች ለዚያ ሰፈር የቤት ብድር አይሰጡም ነበር። እድሳቱ የተካሄደው ነዋሪው ከሱቁና ከኪራዩ ባጠራቀመው ገንዘብ፣ እንዲሁም ግንበኛው ለአናጢው፣ አናጢው ለግንበኛው በሚሠራው ሥራ ነው፤ ደቦ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ደራሲዋ ለአንድ የቦስተን ፕላን ባለሙያ ስልክ ስትደውል፣ ሰውየው ሰፈሩ ጎስቋላ መሆኑን አጥብቆ ይነግራታል። ወዲያውም መዝገቡን ገልጦ በከተማይቱ ከ1,000 ሰው 11.2 የነበረው የሞት መጠን በዚያ ሰፈር 8.8 መሆኑን ያነብላታል። የራሱ ቁጥር የራሱን ፍርድ አፈረሰበት፤ ሆኖም ሰውየው ፍርዱን አልለወጠም። በመላው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሙያ ትዕቢት ከዚህ የበለጠ የሚናገር ቦታ የለም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ደራሲዋን ለእውነቱ ያበቃት ሁለተኛው ጉብኝት መሆኑ ነው። ከኖርዝ ኤንድ ብዙ የማይርቀው ዌስት ኤንድ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። በ1958 መፍረስ ጀመረ፤ በቦታውም ለባለጸጎች የሚከራዩ ረጃጅም ሕንፃዎች ተተከሉ። የሶሲዮሎጂ ሊቁ ኸርበርት ጋንስ ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት ለስምንት ወራት በዚያ ኖሮ ያየውን በ1962 በመጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት በጄኮብስ ላይ ያቀረበው ሂስ ከቀረቡት ሁሉ የጠለቀ ነው። የመንገዱን ሕይወት የፈጠረው የእግረኛው መንገድ ስፋት ወይም የቤቶቹ መቀራረብ ሳይሆን የሠራተኛው ሕዝብ አኗኗር ነው ሲል ተከራከረ። ጋንስ እውነት አለው። «ሰፈር» የሚለው የአማርኛ ቃል ራሱ ከሰው መስፈር የመጣ እንጂ ከግንብ የተወለደ አይደለም፤ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ቀደምት ሰፈሮችም የሚጠሩት በዚያ ከነተከታዮቻቸው በሰፈሩት መኳንንት ስም ነው።

ሌላው የመጽሐፉ ድክመት የቤቱ ባለቤት ማን ነው የሚለውን ጥያቄ በሚገባ አለመግፋቱ ነው። ጄኮብስ የሰፈር መሳካት ዋጋ እያናረ ደካማውን እንደሚያስወጣ አልሳተችም፤ ራሱን የቻለ ምዕራፍም ሰጥታዋለች። መድኃኒቷ ግን ለስላሳ ነው። እርሷ በ1947 ከባለቤቷ ጋር የገዛችው የሐድሰን መንገድ ቤት በ2009 ከሦስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። መጽሐፉ ያሞገሳቸው ባለ አነስተኛ ሱቅ ጎረቤቶች ይህን ሊከፍሉ አይችሉም።

ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት የገጠመችው የኢጣሊያዋ ቦሎኛ ናት። የማዘጋጃ ቤቱ አባል አርክቴክት ፒየር ሉዊጂ ቼርቬላቲ የመሩት የ1973 ፕላን፣ እንደ ሳን ሊዮናርዶ ባሉ አሮጌ ሰፈሮች የሕዝብ መኖሪያ ቤት ገንዘብ ዳር ላይ አዲስ ከመሥራት ይልቅ ነባሩን ለማደስ እንዲውል አደረገ። ቤቱ ሲታደስ ነዋሪው በአቅራቢያው በጊዜያዊ ቤት ቆይቶ እንዲመለስ ታሰበ። ቤቶቹን ለመውረስ የታቀደው ግን የባለንብረቶችን ተቃውሞ ስላስነሣ ቀረ፤ በምትኩ የእድሳት ርዳታ የሚያገኝ ባለቤት ኪራይ እንዳያንር የሚያስገድድ ውል ተተካ። ሥራው ከታለመው ይልቅ ጥቂት ቤቶችን ብቻ ነካ። ከየአገሩ የመጡ ጎብኚዎች ያነሡት ፎቶግራፍም ያማሩትን ቅስቶች እንጂ ውሉን አላሳየም።

ይሁንና የባለቤትነት ጥያቄ መመለሱ ብቻውን ነዋሪውን በቦታው አያጸናም። በአዲስ አበባ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኗል፤ ቦሎኛን ያገደው የባለንብረት ተቃውሞ በቀበሌ ቤቶች ላይ ሊነሣ አይችልም ነበር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ግን ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ተዛውረዋል። በዚያ ቦታ ሁለተኛ ጉብኝት የሚያደርግ ሰው ስለ ቀድሞው ሰፈር ለመጠየቅ አውቶቡስ መሳፈር ይኖርበታል።