በመዳብና በሲሊከን መካከል

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 780ኤም ግራፊክስ ካርድ ዋናው ቺፕ ስፋቱ 294 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ አንዱ ጎኑ 17 ሚሊሜትር ገደማ ማለት ነው። በዚህች ጠባብ ቦታ 3.5 ቢሊዮን ትራንዚስተር ሰፍሯል። ከባድ ጌም ሲከፈት ደግሞ ከዚያችው ቦታ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል። በየቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ 60 ሴንቲሜትር ገደማ በሆነ ክብ ላይ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይለቃል። ሁለቱንም ለየስፋታቸው ብናካፍል፣ ከቺፑ እያንዳንዷ ካሬ ሴንቲሜትር የሚወጣው ሙቀት የምጣዱን ከ20 እጥፍ በላይ ሆኖ እናገኘዋለን። ምጣዱ ግን እንዲግል የተሠራ ነው፤ ቺፑ ከ90ዎቹ ዲግሪ እንዳይዘል ያለማቋረጥ መጠበቅ አለበት።

ያንን ካርድ የተሸከሙት ትልልቅ የጌም ላፕቶፖች ዛሬ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ወደ ጥገና ሲመጡም አቤቱታቸው ተመሳሳይ ነው፤ ጌሙ በደንብ ይጀምራል፣ ትንሽ ቆይቶ መጎተት ይመጣል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ በመጨረሻ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ባለቤቱ «ካርዱ ሞቷል» ይላል፤ ጓደኛው «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ካርዱ አልሞተም። የተበላሸው ሙቀቱን ከሲሊከን ተቀብሎ ለመዳብ፣ ከመዳብ ተቀብሎ ለአየር የሚያስረክበው ሰንሰለት ነው። ይህ ርክክብ እንዴት ባለ ጥንቃቄ እንደተሠራ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ መልሶ የሚያቃናውን እጅም ማክበሩ አይቀርም።

ከመዳብ ቧንቧው እንጀምር። ላፕቶፑን ከፍቶ ለሚያየው ጠፍጠፍ ተደርጎ የታጠፈ ድፍን መዳብ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ክፍት ነው። አየሩ ተመጥጦ ወጥቷል፣ የቀረው ጥቂት ውኃ ብቻ ነው፣ የውስጥ ግድግዳው ደግሞ በሙቀት እርስ በርሱ በተጣበቀ ደቃቅ የመዳብ ዱቄት ተለብጧል። አየር ስለሌለ ውኃው ለመፍላት 100 ዲግሪ አይጠብቅም። የአዲስ አበባ ሰው የዚህን ነገር ጅምር ከማዕድ ቤቱ ያውቀዋል፤ ከፍታው የአየሩን ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ እዚህ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በቧንቧው ውስጥ ግፊቱ ከዚያ እጅግ ስለሚያንስ ውኃው ገና ሞቅ ሲል ይተናል። እንፋሎቱ ከቺፑ በኩል ተነስቶ ስስ የብረት ክንፎች ወደተደረደሩበት ቀዝቃዛ ጫፍ ይሮጣል፤ እዚያ ሙቀቱን አስረክቦ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፤ ውኃውንም የዱቄቱ ሽፋን በቀዳዳዎቹ እየሳበ ወደ ቺፑ ይመልሰዋል። ፓምፕ የለውም፣ የሚንቀሳቀስ ብረት የለውም፣ መብራትም አይፈልግም።

የጄኔራል ሞተርሱ ሪቻርድ ጎግለር እ.ኤ.አ. በ1942 በዚህ ሐሳብ የፓተንት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር፤ ተከታይ ያገኘው ግን ጆርጅ ግሮቨር በ1963 በሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ራሱን ችሎ ሲደርስበት ነው። ያኔ የታሰበው ለጠፈር ሥራ ነበር። ዛሬ ያው ቧንቧ በአንድ ወጣት ጠረጴዛ ላይ፣ ከኪቦርዱ ሥር፣ በፀጥታ ይሠራል።

ቧንቧው በቺፑ በኩል ከጠፍጣፋ የመዳብ ሳህን ጋር ተበይዷል። ሳህኑን ወደ ቺፑ የሚጫነው ባለ አራት ክንድ የብረት ማቀፊያ ነው፤ በየክንዱ ጫፍ አንድ ብሎን አለ። በየብሎኑ አጠገብ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚሉ ቁጥሮች ተቀርጸዋል። ቁጥሮቹን ስትከተሉ እጃችሁ ዙሪያውን አይሄድም፤ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው በመስቀለኛ ይሻገራል። ምክንያት አለው። የግራፊክስ ካርዱ ቺፕ የብረት ክዳን የለውም፣ ሲሊከኑ ራቁቱን ነው። አንዱ ጥግ ብቻውን ቀድሞ ቢጠብቅ ጠርዙ ሊሸረፍ ይችላል፤ ባይሸረፍም ሳህኑ ዘንበል ብሎ ይቀራል። እነዚያ ቁጥሮች ከዓመታት በኋላ ለሚመጣ እንግዳ እጅ የተተዉ መመሪያ ናቸው፤ መሐንዲሱ ዕቃው አንድ ቀን እንደሚከፈት አውቆ ሠርቷል።

አንድ ወጣት ባለሙያ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ሲመረምር አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ባለቤቱ ተማሪ ነው። «ፎርማት ብታደርገውስ?» ሲለው፣ «ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሲያመው እንየው» አለው። ካቻቪቴ አላነሳም። ሙቀቱን በመስመር እየሳለ የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈተ፣ ካርዱን ከባድ ሥራ አስያዘው፣ መዳፉን ከኋላ በአየር መውጫው ፊት ዘርግቶ ጠበቀ። ዓይኑ ከመስመሩ፣ እጁ ከሚወጣው አየር አልተለየም።

ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ የሙያው እምብርት ነው። መስመሩ በጥቂት ሰከንድ ቀጥ ብሎ ወደ 90 ከዘለለ፣ ሥራው ሲቆም ወዲያው ከወረደ፣ የሚወጣው አየርም ለብ ያለ ብቻ ከሆነ፣ ሙቀቱ ወደ መዳቡ አልተሻገረም፤ ጥፋቱ በቺፑና በሳህኑ መካከል ከሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት፣ በሜሞሪዎቹና በሳህኑ መካከል ከሚገባው ለስላሳ ፓድ ወይም ከብሎኑ ነው። መስመሩ በደቂቃዎች ቀስ እያለ ከወጣ፣ አየሩም ትኩስ ሆኖ ደካማ ከሆነ፣ ከቺፑ እስከ መዳቡ ያለው ደህና ነው፤ መውጫውን አቧራ ዘግቶታል፣ አለዚያም ፋኑ ደክሟል። ቧንቧው በቺፑ በኩል እያቃጠለ በክንፎቹ በኩል ከቀዘቀዘ፣ ተሰንጥቆ አየር አስገብቷል፤ እሱ አይጠገንም፣ ይቀየራል። የቺፑ ሙቀት ደህና ሆኖ ላፕቶፑ ከጠፋ ግን ጥርጣሬው በዙሪያው ወዳሉት ሜሞሪዎችና ኃይል መጋቢዎች ይዞራል። የተማሪው ላፕቶፕ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የከፈተው። አስቀድሞ ባትሪውን ነቀለ። በፋኑና በክንፎቹ መካከል የተጋገረውን አቧራ፣ ከውጭ ፈጽሞ የማይታየውን፣ በመቆንጠጫ አነሳው። አየር ሲነፋም ፋኑን በጣቱ ያዘው፤ ነፋሱ ከልኩ በላይ አሽከርክሮ እንዳይጎዳው። ቀጥሎ ሳህኑን አነሳ። የቆየው ፔስት መሃሉ ላይ ሳስቶ ዳር ዳሩን ተከምሯል። ቺፑና መዳቡ ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ በተለያየ መጠን ስለሚሰፉና ስለሚኮማተሩ፣ በዓመታት ብዛት ፔስቱን ወደ ዳር ይገፉታል። በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጠረገው፤ ሲሊከኑን ብረት አላስነካውም።

ፔስት ሲበዛ ይሻላል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሙቀት የማስተላለፍ አቅም በሚለካበት ልክ መዳብ 400 ገደማ ነው፣ ጥሩ የሚባል ፔስት በ10 ዙሪያ ነው፣ አየር 0.03 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የፔስት ሥራ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ውስጥ ያለውን አየር ማስወጣት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ መንገድ ላይ የቆመ መሰናክል ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በታች መውረድ አለበት። አሁን አሁን 45 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ለስልሶ ራሱን የሚያሰራጭ፣ በቀላሉም ወደ ዳር የማይገፋ ስስ ፓድ መጥቷል፤ ለአሮጌ ላፕቶፕ መልካም ነገር ነው። እሱም ቢሆን ሳህኑ ተስተካክሎ ካልተቀመጠ አይረዳም።

አዲሱን ፔስት ከቀባ በኋላ ወጣቱ ያደረገውን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ። ሳህኑን አስቀምጦ አራቱን ብሎኖች በቁጥራቸው ተራ ግማሽ ግማሽ ዙር እያለ አጠበቀ። ከዚያ ሁሉንም መልሶ ፈታ። ሳህኑን ገልብጦ ወደ መብራቱ አዘነበለና ፔስቱ የተወውን አሻራ አየ። በሦስቱ ጥግ ፔስቱ ሳስቶ መዳቡ ከሥሩ ይታያል፤ በአራተኛው ጥግ ወፍሮ ቀርቷል። ምንም ሳይናገር ካሊፐሩን አንስቶ በዚያ በኩል ያለውን የሜሞሪ ፓድ ለካ። የሌሎቹ 1 ሚሊሜትር ነው፤ የዚያኛው 1.5። ቀደም ሲል የከፈተው ሰው ያገኘውን ፓድ ለጥፎበታል። ግማሽ ሚሊሜትር ትርፍ ሳህኑን በአንድ ወገን አንጠልጥሎት፣ ቺፑ ያን ሁሉ ጊዜ በከፊል ነበር መዳቡን የሚነካው። ፓዱን ቀየረ፣ ፔስቱን ጠርጎ እንደገና ቀባ፣ እንደገና አጠበቀ፣ እንደገና ፈትቶ አየ። አሻራው በአራቱም ጥግ እኩል ሆነ። ለመጨረሻ ጊዜ የገጠመው ይህን ካየ በኋላ ነው። መስመሩም በዚያው ሥራ ላይ ከ80 በታች ረጋ።

ይህ ጥንቃቄ እኛ ጋ የተለየ ክብደት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ ያንሳል፣ የሚሸከመውም ሙቀት እንደዚያው። የከተማዋ ቀዝቃዛ አየር ጉድለቱን በከፊል ይክሰዋል። ዱባይ ወይም ጅዳ ላለው ወገናችን ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ወፍራም ነው፣ ግን ሲገባ ጀምሮ ሞቃት ነው። በሁለቱም በኩል የሚተርፈው ልዩነት ጠባብ ስለሆነ፣ ጥቂት አቧራና ዘንበል ያለ ሳህን ቶሎ ይታወቃሉ። ላፕቶፑን ከኋላ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና የጌሙን ፍሬም በሰከንድ 60 ላይ መገደብ ለካርዱ እውነተኛ እፎይታ ነው።

ካርዱን ምድጃ ውስጥ ከቶ የሚያነቃ ሰው ካጋጠማችሁ ግን ዕቃችሁን አትስጡት። ተደጋጋሚ ሙቀትና ቅዝቃዜ ከቺፑ ሥር ያሉትን ጥቃቅን የብየዳ ጠብታዎች ሊሰነጥቅ ይችላል። ኤንቪዲያ ራሱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 በላፕቶፕ ቺፖቹ ማሸጊያ ደካማነት ለደረሰው ብልሽት ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብ አስታውቆ ነበር። ምድጃ እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ለሳምንታት ቢያገናኘው እንጂ አያድነውም፤ ደህናውንም ፕላስቲክ ያበላሻል።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ የሚግል አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ ወደ ባለሙያ ስትወስዱት ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ከመክፈቱ በፊት የሙቀቱን መስመር እንዲያሳያችሁ፣ ከመግጠሙ በፊት ደግሞ የፔስቱን አሻራ። ሁለቱንም በደስታ የሚያሳያችሁ ሰው ሙያውን ያውቃል። የሚጠይቃችሁ ዋጋ የፔስት ዋጋ ስላልሆነ አትከራከሩት፤ የምትከፍሉት ያን ግማሽ ሚሊሜትር ላየው ዓይን ነው።