የቤት ሰርቨርና የኮንቴይነር ምርጫ፤ ስለ ኔክስትክላውድ አተካከል የቀረበ ሒስ

ሰነዳቸውንና ፎቶግራፋቸውን በገዛ ቤታቸው ሰርቨር ለማኖር የሚሹ ሰዎች፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከኦውንክላውድ ተከፍሎ የወጣውን ኔክስትክላውድን ብዙ ጊዜ ይመርጣሉ። ይህን ፕሮግራም በዶከር ለመትከል ሁለት ዋና መንገዶች አሉ፤ አንደኛው ሁሉን አሰናድቶ የሚያቀርበው «ኦል ኢን ዋን» ሲሆን፣ ሁለተኛው ባለቤቱ ራሱ በኮምፖዝ ፋይል እየጻፈ የሚያዋቅረው ነው። ብዙዎች ሁለቱን የሚያመዛዝኑት ተከላው በሚፈጀው ጊዜ ነው። ይህ መመዘኛ ግን በቂ አይደለም፤ ሊመረመር የሚገባው ዲስኩ በተበላሸ ቀን ንብረቱ የሚመለስበት መንገድ ነውና።

በኦል ኢን ዋን አንድ ዋና ኮንቴይነር የመረጃ ቋቱን፣ ሬዲስንና ሌሎቹን ኮንቴይነሮች ራሱ ያስነሣል፣ ያድሳልም፤ ቦርግ በተባለው መሣሪያም መጠባበቂያ ቅጂ ያዘጋጃል። ይህ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ዳሩ ግን ይህን ለመፈጸም የዶከርን ሶኬት ይይዛል፤ ሶኬቱን የያዘም በሰርቨሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያዘ ማለት ነው። «ለንባብ ብቻ» የሚለው ምልክት ፋይሉን ይጠብቃል እንጂ በሶኬቱ የሚተላለፈውን ትእዛዝ አያግድም።

በኮምፖዝ የሚተክል ሰው ከዚህ ሥጋት ይድናል፤ ነገር ግን ኀላፊነቱ ሁሉ የእርሱ ይሆናል። ከሌላ ሰው የተገለበጠ ፋይል ብዙ ጊዜ የፖስትግሬስን ቍጥር ሳይወስን «የመጨረሻው እትም» ይላል፤ ዋናው እትም በተለወጠ ጊዜ አዲሱ ፖስትግሬስ የቀድሞውን ማኅደር ማንበብ አይችልም። ኔክስትክላውድም ቢሆን ዋና እትም ዘሎ መታደስን አይፈቅድም። ከዚህም በላይ ፎቶግራፎቹን ብቻ መቅዳት አይበቃም፤ ማን ለማን ምን እንዳጋራ የተመዘገበው በመረጃ ቋቱ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ፋይሎቹ፣ ቋቱና ማዋቀሪያው በአንድ ጊዜ መቀዳት አለባቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በችኰላ የተገለበጠ ፋይል በችግር ቀን ይከዳል።

እንግዲህ ለቤተ ሰብ ንብረት የሚሻለው ኦል ኢን ዋን ነው ብንል፣ ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ ይኸውም ሰርቨሩ ሌላ አደራ የሌለበት ሲሆንና ቅጂው በሌላ ዲስክ ሲቀመጥ ነው፤ በዚያው ዲስክ ላይ ያለ ቅጂ ከዲስኩ ጋር አብሮ ይጠፋልና። ኮምፖዝን የሚመርጥ ግን አስቀድሞ ከቅጂው ሁሉን መልሶ ማቆም መቻሉን በሌላ መሣሪያ ላይ ይፈትን። ተፈትኖ ያልተመለሰ ቅጂ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይደለም።