የቆርቆሮው ክራርና የሠሪው ስም

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በአንድ የባህል ጨዋታ ውድድር ላይ ያየሁት ነገር ነው። ከቡታጅራ አካባቢ የመጣ የወጣቶች ቡድን ሁለት ከበሮና አንድ ቢጫ የዘይት ጀሪካን ይዞ መድረክ ወጣ። ከበሮዎቹ ዋናውን ምት ሲይዙ ጀሪካኑ በመካከል እየገባ የጉራጊኛውን ጭፈራ ፈጣን የእግር ምት ይከተል ነበር። ታዳሚው ሳይጋበዝ በጭብጨባ አጀበ። ውጤት ሲነገር ግን ቡድኑ «ባህላዊ ያልሆነ ዕቃ ተጠቅሟል» ተብሎ ነጥብ ተቀነሰበት። ዳኛውን ለመውቀስ አልተነሣሁም። መመዘኛው ግን የብዙዎቻችን መመዘኛ ስለሆነ ሊመረመር ይገባዋል።

ለመሆኑ ባህላዊ የምንላቸው መሣሪያዎች ከምን ተሠሩ? የክራር ድምፅ የሚያስተጋባው ገበቴ በስሙም በመልኩም የጓዳ ዕቃ ነው። የመሰንቆ አውታር ከፈረስ ጭራ፣ የበገና አሥር አውታሮች ከበግ አንጀት፣ ዋሽንት ከወንዝ ዳር ሸምበቆ ተገኙ። አባቶቻችን መሣሪያ ለመሥራት ሲነሡ እጃቸውን የዘረጉት በቅርብ ወዳለው ዕቃ ነበር። ዛሬ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ጓዳ የእንጨት ገበቴ ቦታውን ለቆርቆሮና ለፕላስቲክ ለቋል። ወጣቱም በቅርቡ ወዳገኘው ዕቃ እጁን ቢዘረጋ የአባቶቹን መንገድ ተከተለ እንጂ አልሳተም።

ይህ ሲባል ግን ከተጣለ ዕቃ የተሠራ ሁሉ ይመስገን ማለት አይደለም። ወልቂጤ ውስጥ፣ ከጅማው መንገድ ዳር፣ አንድ ወጣት በገዛ እጁ የሠራውን ክራር አሳይቶኛል። ገበቴው ቀለሙ የተፈነቀለ ጎድጓዳ የቆርቆሮ ሳህን ሲሆን የፍየል ቆዳ ተወጥሮበታል። አውታሮቹ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ናቸው፤ ምሰሶዎቹና ቀንበሩ ከባሕር ዛፍ ተጠርበዋል። ድምፁ ከእንጨቱ ክራር ይልቅ ይጠራል፤ ይረዝማልም። አንዱ ድምፅ ሳይሞት ሌላው ስለሚደርስበት ዜማው እንዳይደበላለቅ ሠሪው በሳህኑ ውስጥ እራፊ ጨርቅ ወትፎበታል። ይህ ጆሮ ያለው ሰው ሥራ ነው።

በትዝታ ቅኝት ሁለት ዘፈን ከተጫወተ በኋላ ግን ቅኝቱ ተፋለሰ። ምክንያቱን ስንመረምር ጥፋቱ የሳህኑ አልነበረም። ቀንበሩ በደንብ ካልደረቀ እንጨት ስለተሠራ የአውታሮቹን ውጥረት ሊሸከም አልቻለም። ክራሩን ያሰናከለው ባዕድ የተባለው ቆርቆሮ ሳይሆን ባህላዊ የሚባለው እንጨት ሆኖ ተገኘ። ዕቃውን ብቻ የሚያይ ዳኛ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ የሚያዳምጥ ዳኛ ግን ያውቀዋል።

በዋሽንትም ነገሩ ግልጽ ነው። የዋሽንትን ድምፅ ከፍታ በዋነኛነት የሚወስነው በውስጡ ያለው የአየር ዓምድ ርዝመትና የቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ነው። ቀዳዳው በትክክል የተበሳ የውኃ ቱቦ ቀዳዳው ከተዛባ ሸምበቆ ይበልጣል። ጀሪካን በበኩሉ ጉድለት አለው። የከበሮ ቆዳ ሲላላ በፀሐይ ወይም በእሳት ሞቆ ይወጠራል፤ ጀሪካን እንዲህ ያለ መላ የለውም። ታችኛው ክፍሉ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ከጎኑ ስለሚለይ ለማጀቢያ ይበቃል እንጂ የከበሮን ወንበር አይወርስም። የቡታጅራዎቹ ወጣቶች ይህን ያወቁ ይመስለኛል፤ ስለዚህም ነው ከበሮዎቻቸውን ያልተዉት።

ዳኛችን የናቀው ዓይነት ዕቃ በሌላ አገር የት እንደደረሰ ማስታወስም ይጠቅማል። በትሪኒዳድ ድሆች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ከቆርቆሮ ጣሳና ከነዳጅ በርሜል መሣሪያ ሠሩ። የበርሜሉን ክዳን በመዶሻ እየቀጠቀጡ በአንዱ ገጽ ላይ የተለያዩ ድምፆችን አስቀመጡ። ስቲልፓን የተባለው ይህ መሣሪያ በ1992 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ብሔራዊ መሣሪያ ተብሎ ታወጀ። ለዚህ ክብር ያበቃው በርሜል መሆኑ አይደለም፤ ሠሪዎቹ በትዕግሥት ቃኝተው ለተተኪ ማስተማራቸው ነው። ከእኛም ሙላቱ አስታጥቄ በአሜሪካ በኤም.አይ.ቲ. ተጋብዞ ክራርን ለማዘመን ሲመክር ሁላችንም በኩራት ተቀብለነዋል። ታላቁ ባለሙያ ክራርን ሲለውጥ ፈጠራ የምንለውን፣ የወልቂጤው ወጣት ሲለውጠው ድህነት ማለታችን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከዚህ ንቀት ሥር የቆየ ነገር አለ። አንድ ከበሮ እንዲሠራ እንጨት ጠራቢ፣ ቆዳ ፋቂና መሣሪያቸውን የሚያዘጋጅ ብረት ቀጥቃጭ ያስፈልጋሉ። በጉራጌ ምድር፣ በሌላውም የአገራችን ክፍል፣ ሦስቱም የተናቁ ነበሩ። ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ እንጨት ጠራቢዎቹ እንሰት ከሚለማበት መሬት እንዴት ተገልለው ይኖሩ እንደነበር አስፍሯል። ከበሮው በበዓል መካከል ሲከበር የከበሮው ሠሪ ከዳር ይቆም ነበር። ዛሬም የዘፋኙ፣ የዜማ ደራሲውና የአቀናባሪው ስም በካሴት፣ በሲዲና በመድረክ ማስታወቂያ ላይ ሲጻፍ የመሣሪያ ሠሪውን ስም ያየሁበት ጊዜ የለም። የቆርቆሮው ክራር ሠሪ የዚሁ የቆየ ዝምታ ወራሽ ነው።

እንግዲህ የውድድር ዳኞች «ከምን ተሠራ?» ከማለታቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ይቃኛልን? ቅኝቱን ይዞ ይቆያልን? ለሚጫወተው ዜማ ይስማማልን? ለጌጥ ብቻ ተሠርቶ መድረክ ላይ የሚቆም፣ ሲነካ ግን የማይዘፍን ክራር፣ ከጥሩ እንጨት ቢሠራም ነጥብ አይገባውም። መምህራን ተማሪዎቻቸው ዋሽንት ከቱቦ በስተው ድምፁን በጆሯቸው እንዲያርሙ ቢያደርጉ ሙዚቃንም ሳይንስንም በአንድ ጊዜ ያስተምራሉ። የባህል ሠራተኞችም መሣሪያ ሲመዘግቡ ከመሣሪያው ስም ጎን የሠሪውን ስም ይጻፉ።

የወልቂጤው ወጣት ስንለያይ ቀንበሩን በደረቅ ወይራ ሊቀይረው እንዳሰበ ነገረኝ። ሳህኑን ስለመቀየር ግን አላነሣም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።