ከአገጭ መጀመር

መላ ፊትን የሚሸፍነው የጠላቂ ጭንብል ተፈታትቶ ነጭ ፎጣ ላይ ተዘርግቷል። ቦታው ምዕራብ አማን፣ ኻልዳ ውስጥ፣ የአንድ ጓደኛዬ በረንዳ ነው። የጠለቀበት ባሕር ግን 330 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ አቃባ ላይ ነው። ከውኃ እንደወጣ መኪና አላስነሣም፤ አቃባ አድሮ፣ ደግሞም ውሎ ነው የመጣው። ኻልዳ ከባሕር ወለል ወደ 1,000 ሜትር ከፍ ትላለች፤ መንገዱ መሀል ላይ ከዚያም ይበልጣል። በደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን በትንፋሽ ሳይወጣለት ከፍታ ላይ የወጣ ሰው ሰውነቱ ውስጥ አረፋ ሊፈጠር ይችላል። ለአውሮፕላን የሚሰጠው ምክር ተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቅ የሚል ነው። እንደ እርሱ በየደረጃው እየቆመ የወጣ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ አብልጦ ይጠብቃል።

መጀመሪያ ጨው ይታጠባል። እዚህ የቧንቧ ውኃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ገደማ ነው፤ ሌላው ቀን የሚቀዳው ጣሪያ ላይ ከተሰቀለው፣ እኛ ሮቶ ከምንለው ነው። ስለዚህ ክፍሎቹ ሁሉ አንድ ሳፋ ውስጥ ይዘፈዘፋሉ። ጨው ቫልቭ ላይ ከደረቀ ቀጭኑን የጎማ ቅጠል ከመቀመጫው ያነሣዋል። ለዓይን የማይታይ ክፍተት ውኃ ለማስገባት ይበቃል።

ትልቁ ክፍል መስታወቱ ነው፤ ዙሪያውን ጎማ ይዞታል። የጎማው ጠርዝ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ ፊት ላይ የሚያርፈው ይህ እጥፋት ነው። ከውስጥ ደግሞ አፍና አፍንጫን ብቻ የሚከድን ሌላ ትንሽ ጭንብል አለ። ንጹሑ አየር መጀመሪያ መስታወቱን እየዳሰሰ ያልፋል፤ ጉሙን የሚጠርገውም ይኸው ነው። ቀጥሎ ከአንድ ብር ሳንቲም በማይበልጡ ሁለት ቫልቮች በኩል ወደ ትንሹ ጭንብል ይገባል። የተነፈሰው አየር በመጣበት አይመለስም፤ በቀጥታ ወደ ውኃው ይወጣል። ትንሹ ጭንብል በደንብ ካልገጠመ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሰፊው ክፍል ይጠራቀማል፤ ጠላቂውም መልሶ ይስበዋል። ራስ ምታትና ማለክለክ ይከተላል። አፍንጫው ሥር ሁለት ትንንሽ የጎማ ትራሶች አሉ። እጅ አፍንጫ ጋር ስለማይደርስ፣ ጆሮውን ማስተካከል የፈለገ ጭንብሉን ገፋ አድርጎ አፍንጫውን በእነርሱ ይደፍናል።

አጠላለቁ ከአገጭ ይጀምራል። አገጭ ጎድጓዳው ውስጥ ይቀመጣል፤ ፊት ይከተላል፤ ጸጉር ከጠርዙ ሥር ይወጣል። ታችኞቹ ሁለት ማሰሪያዎች በአንድ ጊዜ፣ በእኩል ኃይል፣ ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ይሳባሉ። ቀጥሎ የጆሮ ግንዶቹ፣ በመጨረሻ የአናቱ። ወደ ጎን የሳበ ጠርዙን ያጣምመዋል። ከልክ በላይ ያጠበቀ ጎማውን ያጨማድደዋል፤ በጭምድዱም በኩል ያፈሳል። ጭንብል ሲያፈስ የጀማሪ እጅ ለማጥበቅ ይሮጣል፤ የጓደኛዬ እጅ መጀመሪያ ያላላል።

ከስመ ጥሮቹ ጭንብሎች አንዱ የስዊድኑ ኢንተርስፒሮ ዲቫተር ነው፤ የቆዩ ጠላቂዎች እስካሁን አጋ ይሉታል። ስሙን የሰጠውን የአጋ ኩባንያ ይመራ የነበረው ጉስታፍ ዳሌን እ.ኤ.አ. በ1912 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው የባሕር ላይ መብራቶችን ጋዝ በልክ ለሚያሳልፍ መሣሪያ ነበር። ጋዝን በልክ የማሳለፍ ሙያው የቆየ ነው። ዲቫተር ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው በጥቂቱ ይበልጣል፤ ስለዚህ ጠርዙ ቢከፈት አየር ይወጣል እንጂ ውኃ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2018 ታይላንድ ውስጥ ከታም ሉዋንግ ዋሻ የወጡት 12 ልጆች ያጠለቁት እንዲህ ትርፍ ግፊት ያለው ጭንብል ነበር፤ ሰመመን የተሰጠው ልጅ ጭንብሉን ራሱ ሊያስተካክል አይችልም። ትርፍ ግፊቱ ግን ዋጋ አለው። 40 ሜትር ላይ ግፊቱ ከወለል አምስት እጥፍ ነው፤ በዚያው ክፍተት የሚባክነውም ጋዝ ይበዛል።

ለቴክኒካል ጠላቂ ዋናው ፈተና የጋዝ ለውጥ ነው። ንጹሕ ኦክስጅን 6 ሜትር ላይ ሲወጡ ይረዳል፤ 30 ሜትር ላይ ሰው ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። በተለመደው ሬጉሌተር የሚጠልቅ ሰው አንዱን ከአፉ አውጥቶ ሌላውን ይጎርሳል፤ ምን እንደሚተነፍስ አፉ ያውቃል። እዚህ ግን አፉ አይከፈትም። ከሲሊንደሮቹ የሚመጡት ቱቦዎች ከአንድ መቀያየሪያ ጋር ተገናኝተዋል፤ የሚዞረው እጀታ ብቻ ነው። ሁለቱም መስመሮች ክፍት ቢሆኑ ጣዕሙ አይነግርህም። ስለዚህ ሲሊንደሩ ላይ የጥልቀቱ ወሰን በትልቅ ቁጥር ይጻፋል፤ እጅ ቱቦውን ከሲሊንደሩ እስከ መቀያየሪያው ይከተላል፤ አብሮ የሚጠልቀውም ቁጥሩን አንብቦ ራሱን እስኪነቀንቅ ይጠበቃል። የሚገርመው፣ ሰው ቢንዘፈዘፍ የሚያተርፈውም ይኸው ጭንብል ነው፤ ራሱን የሳተ ጠላቂ ሬጉሌተሩ ከአፉ ይወድቃል፣ ይህ ግን ፊቱ ላይ ይቆያል። እኔ ሁለቱን ስመዝን፣ መቀያየሪያውን በጥንቃቄ ያላጠና ሰው ባያጠልቀው እመርጣለሁ።

ከርቢ ሞርጋን ኤም-48ን የሠሩት ሰዎች ለዚሁ ችግር ሌላ መልስ አላቸው። አፍን የሚከድነው የታችኛው ክፍል ብቻውን ተነጥሎ ይወጣል፤ ዓይንና አፍንጫ ግን እንደተሸፈኑ ይቀራሉ። ጠላቂው ውኃ ውስጥ እንዳለ የጓደኛውን ሬጉሌተር መጉረስ ይችላል። ለእኔ ከጭንብሉ ሁሉ የበለጠ የታሰበበት ክፍል የሚወልቀው ነው።

የማይወልቅ የያዘ ተራ የመጥለቂያ መነጽር በኪሱ ይይዛል። መላ ጭንብሉ ከተበላሸ ቅደም ተከተሉ አይቀየርም፤ ማሰሪያው ይላላል፣ ጭንብሉ ይወጣል፣ ሬጉሌተር አፍ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መነጽር። ፊት ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ሰው ሳያስበው ትንፋሽ ሊስብ ይችላል፤ ልምምዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ ደጋግሞ የሚደረገው ለዚህ ነው። ጓደኛዬ መነጽሩን የሚያኖረው በቀኝ የጭን ኪሱ ነው፤ ግራ እጁ በዚያ ሰዓት አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሬጉሌተር ይፈልጋል።